የዝሆኑ ግዝት

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን ሱሪ ላሳጥር ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ልብስ ሰፊ ሄድሁ። መብራት ጠፍቷል። ሰውየው የኤሌክትሪኩን ካውያ ወዲያ ገፍቶ፣ ከየት እንደቆፈረው እንጃ፣ ያን ክዳኑ የሚከፈተውን የድሮ የከሰል ካውያ አውጥቶ ፍሙን በካርቶን ያራግባል። ከደጅ ባጃጆች ይንጫጫሉ። ካውያው በረጠበው ጨርቅ ላይ ሲያርፍ «ጭስስ» አለና ሽታው መጣ፤ እርጥብ ጨርቅ፣ ከሰል፣ ትንሽ የተለበለበ ክር። ጠረጴዛውን ተደገፍሁ። «እማማ፣ ምነው? ይቀመጡ እንጂ!» ብሎ በርጩማ ሳበልኝ። እሱ ደም ግፊት መስሎታል። እኔን የያዘኝ ግን ፍርሃት ነው። ያውም ዛሬ የጀመረኝ ሳይሆን የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት ቡሬ ላይ፣ በሌላ ልብስ ሰፊ ቤት፣ በዚሁ ሽታ መካከል የጀመረኝ ፍርሃት።

ሱሪው የጉዞ ሱሪ ነው። እኔና ባለቤቴ መምህር ይርጋ፣ እሱ ሰባን ተሻግሮ፣ እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ አውሬ ልናይ ልንሄድ ነው። ጨበራ ጩርጩራ የሚባል፣ ዝሆን እንደ ከብት ተሰማርቶ የሚውልበት ጫካ በደቡብ ምዕራብ በኩል አለ አሉ። ስሙ ራሱ ጆሮ ላይ ጩርር ይላል። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃችን ፍሬሕይወት ሁሉን ነገር አሰናድታለች። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ልጄን ልጠይቅ ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ እውነት ነው። በዚህ ዕድሜዬ «ዝሆን ለማየት ነው» ብዬ ለእድር ሴቶች ብናገር ድንኳኑን ከነወንበሩ አውጥተው ይጠብቁኛል።

ያኔ ቡሬ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ በመኪና ሳልፍ ፎቁንና የፋብሪካውን አጥር እያየሁ የቱ ጋ እንደኖርን ይጠፋብኛል። ከዋናው መንገድ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር፤ ጭቃ ቤት ናት፣ ውስጧ በኖራ የተቀባ። እሱ ጅጋ ተወልዶ ቡሬ የተመደበ የሳይንስ አስተማሪ፣ እኔ ከግሽ ዓባይ በላይ ካለ ገጠር ተድሬ የመጣሁ ደብሬ የምባል ጉብል። ከሠርጋችን ጀምሮ እስከ ዛሬ «መምህር» ነው የምለው፤ ስሙን መጥራት ያን ጊዜ ነውር ነበር፣ ኋላ ደግሞ ለመደብኝ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ስሙኒ ሰጥቶ ሁለተኛ ብርጭቆ በነፃ የሚያስደግም ጨዋታ አዋቂም አይጠፋም። ጎረምሳው ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሶ መንገዱን ይጠርጋል፤ ገበሬው ለገበያ ቀን ኮንጎ ጫማውን እጁ ላይ አንጠልጥሎ መጥቶ ከተማው ጫፍ ላይ ያጠልቀዋል። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሰማል። ልጆቼ «ያኔ መንግሥት ማን ነበር?» ሲሉኝ እደናገራለሁ፤ የሻዩ ዋጋና የሱሪው ስፋት ግን አይጠፋኝም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ስለዚህም የማውቀው ነገር ሁሉ ከመካከሉ ይጀምርና ሳያልቅ ይቀደዳል።

እናላችሁ አንድ ቀን መምህር ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ። እሱ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ለካ አውሬ የሚቆጥሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ኖሯል። ዓባይን ተሻግረው ወደ ቆላው ወርደው ዝሆኑን፣ አንበሳውን፣ ያለውን ሁሉ ሊቆጥሩ ነው። ዕፀዋት የሚያውቅና ጽሑፉ ያማረ ሰው ይፈልጋሉ። አለቃቸው ትምህርት ቤት መጥቶ ሲጠይቅ ርእሰ መምህሩ ጣቱን ወደ ይርጋ ቀሰረ። «ሚስቴስ?» ብሎ ጠየቀ የእኔ ጉድ። «ወጥ የምትሠራልን ከሆነማ እሰየው፤ መኪናው ላይ ሁለት ቦታ አለ» አሉት። «ሁለታችንም እንሄዳለን፣ ደብሬ! ዝሆን እናያለን! ሳፋሪ ይባላል እንዲህ ያለው ጉዞ፤ ፈረንጅ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ለዚህ ነው» አለኝ። ዓይኑ ያበራል። እኔ ቡሃቃው ላይ እንደጎነበስሁ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ዝግጅት ሆነ። ልብስ ሰፊው ቤት ወስዶኝ አራት ኪስ ያለው፣ እጅጌው አጭር፣ ቡናማ ሳፋሪ ልብስ አሰፋ። ያኔ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ የሚመኘው ልብስ ነው። እሱ መስታወት ፊት ሲዟዟር፣ ልብስ ሰፊው የከሰል ካውያውን እያነሣ እየጣለ «ጋሼ፣ በዚህ ልብስ እንኳን ዝሆን፣ ሴት አማትዎም ትወድዎታለች!» ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ፍርሃቴ ግን እዚያው ሽታ ውስጥ ጀመረኝ። ቤት ደግሞ በኖራው ግድግዳ ላይ በከሰል ካርታ ሣለ፤ ከላይ ቡሬ፣ ከታች እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ፣ ዓባይ፣ ከዓባይ ማዶ ከመማሪያ መጽሐፍ የገለበጠው ዝሆን። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ዝሆን ሆነ። በሶ ፈጨሁ፣ ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ድርቆሽ አደረቅሁ። እሱ ከጤና ጣቢያው ያንን መራራ የወባ ኪኒን አምጥቶ በወረቀት ጠቀለለ። እኔ ባቄላ ስለቅም ጥሩውን ከድንጋዩ ጋር እጥል ነበር።

ፈሪ አትበሉኝ። ታላቅ ወንድሜ አያ ሙሉ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ወርዶ ነበር። ሲሄድ በሬ የሚጥል ሰው፣ ሲመለስ ዓይኑ ቢጫ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ። በፀሐይ ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርነው። በእኛ አገር «ንዳድ ገደለው» አይሉም፤ «ቆላ በላው» ነው የሚሉት። እንግዲህ ያ ቆላ ወንድሜን በልቶ አልጠገበ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ባሌን ተሸክሜ ላጎርሰው ነው። በገበያ ቀን ከሰዓት በጠጅ ቤቱ ደጅ ሳልፍ አዝማሪው፣ ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ፦

ሰው አገር ለማየት ይወርዳል ቆላ፣
ዝሆን ልይ የሚለውን ማን ሊያየው ኋላ?

ሲል ጠጪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ቄስ አላምረውን በቅጥሩ ጥግ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ባሌን ያስቀሩልኝ።»

«ከምኑ?»

«ቆላ ከመውረድ። ይሞትብኛል።»

«ራስሽ አትነግሪውም?»

«ይስቅብኛል። እሱ የተማረ ነው። ኪኒን ይዣለሁ ነው የሚለኝ።» እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ደግሞ እኔ እንደለመንሁዎት አይንገሩብኝ።»

ቄስ አላምረው ሰፊ ትከሻና ለስላሳ ልብ የነበራቸው ሰው ናቸው። «በጆሮዬ የገባው በአፌ አይወጣም» ብለው አሰናበቱኝ። ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ቤታችን መጡ። ጠላ ቀዳሁላቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ዝሆን ትክ ብለው አዩትና መስቀላቸውን አውጥተው ቆሙ። ይርጋም ግራ ገብቶት ቆመ።

«ይርጋ ልጄ፣ ዝሆን ልይ ብለህ እግርህን ብታነሣ፣ ዛሬም ነገም፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ገዝቼሃለሁ!»

ምን ልበላችሁ፣ ምጣዱን ከእሳቱ አወጣለሁ ብዬ ጎጆውን አቃጠልሁ። እኔ የለመንሁት ቆላውን ነበር፤ እሳቸው ዝሆኑን ገዘቱት። እኔ የለመንሁት ለዚያ ሳምንት ነበር፤ እሳቸው ለዕድሜ ልኩ አሰሩት። ይርጋ «አባቴ፣ ለምን?» አለ በቀጭን ድምፅ። «ለነፍስህ» አሉት። የተማረ ቢሆንም የእናቱ ልጅ ነው፤ በካህን ቃል ላይ አይረማመድም። ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። እሳቸው ሲወጡ እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ ግድግዳውን ጠረገ። ቡሬ ቀረች፣ መንገዱ ጠፋ፣ ዓባይ ጠፋ፣ ዝሆኑ ጥቁር ጭጋግ ሆነ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም፤ ፍርሃቴ እንደሆነ አልቀነሰ፣ ቦታ ብቻ ለወጠ።

መኪናው በሁለት ባዶ ቦታ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሰዎቹ ፀሐይ አክስሏቸው፣ ጥርሳቸው ብቻ እየታየ፣ እየሳቁ፣ ሁሉም በጤናቸው ተመለሱ። አለቃቸው መንገድ ዳር ይርጋን አግኝቶ ትከሻውን እየመታ ሲያወራለት እኔ ከበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ይርጋ ያን ቡናማ ልብሱን ለብሶ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ታቅፎ፣ ቆሞ ሰማው። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ሲራመድ ድምፅ አለው?» ሰውየው «የለውም፤ ከጀርባህ ቆሞ አታውቅም» አለው። ቤት ገብቶ ይህንኑ ነገረኝ። እኔ ያን ዕለት ቤት የሚያህል ነገር ያለ ኮቴ ወደ ሰው እንደሚመጣ አወቅሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ አልቀመጥም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያችን ነው። ልጆች ወለድን፣ ፍኖተ ሰላም ተዛወርን፣ ቤት ሠራን። በየዓመቱ ስለ አጥቢ እንስሳት የሚያስተምርበት ሳምንት ይመጣል፤ በየዓመቱም አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እርስዎ ዝሆን አይተዋል?» ይለዋል። «አላየሁም» ይላል። ያን ቀን ቤት ሲመጣ እንጀራውን ቆርሶ ቆርሶ ይተወዋል። እኔ ቀኑን ከፊቱ አውቀዋለሁ። አስተማሪዎች ወደ ደቡብ ለጉብኝት ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ቀረ፤ «እኔ ከዝሆን ጋር ግዝት አለብኝ» ብሎ ያሳስቃቸዋል። እነሱ ቀልድ ይመስላቸዋል። ቄስ አላምረውም ግዝቱን ሳይፈቱ አረፉ። ለቀብራቸው ስሄድ ያለቀስሁት ለእሳቸው መስሏቸው ሰዎች አጽናኑኝ።

አሁን ደግሞ ዓይኑ። መጀመሪያ ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ሲቀዳ አየሁ። ከዚያ ባጃጅ ሊገጨው ሲል ሾፌሩ «አባባ፣ አያዩም እንዴ!» ብሎ ጮኸበት፤ እውነትም አላየም። ባሕር ዳር ወሰድነው። ሐኪሟ የዓይን ግፊት ነው አለች፤ የግራው ሄዷል፣ የቀኙ ደግሞ ከዳር ዳሩ እየተዘጋ ነው። «የሄደውን አንመልስም፣ ያለውን እናቆይ እንደሆነ እንጂ» አለችን። ስንት ጊዜ ይቆያል ብሎ ሲጠይቃት መዝገቡን ተመለከተች። «ዓመት ይቆይልን» አለች። ፍሬሕይወት ይህን ስትሰማ በስልክ እያለቀሰች «አባዬ፣ ምን ላድርግልህ? የምትፈልገውን ንገረኝ» አለችው። እኔ አጠገቡ ነኝ። ጋቢ ይላል፣ ጥሩ አልጋ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «ዝሆን አሳይኝ» አላት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን እንደገና የጉዞ ቤት ሆነ። ልጅቱ በስልኬ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ትልክልኛለች፤ ጆሮው እንደ ሰሌን ምንጣፍ የሚርገበገብ ፍጡር መኪና ላይ እየመጣ ሴቶች ሲጮሁ። ይህን የምትልክልኝ እንድደፍር ብላ ነው!

«እማዬ፣ ነጭ አትልበሱ፤ አውሬው ከሩቅ ያያችኋል።»

«ነጠላዬንስ?»

«ቦርሳ ውስጥ።»

«ያለ ነጠላ በሰው አገር ልቁም? ከዝሆኑ በፊት እፍረት ይገድለኛል።»

«ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አብሯችሁ ይሆናል፣ አትፍሪ።»

«ጠመንጃው ለምን አስፈለገ?»

«ለጥንቃቄ ነዋ።»

«ጥንቃቄ ማለት ይገድላል ማለት ነው።»

«ኧረ እማዬ! ዝሆን እኮ ሣር በል ነው።»

«በሬም ሣር በል ነው፤ የጎረቤታችንን የጎድን አጥንት ግን ሰብሯል።»

እሷ ትስቃለች። እኔ ስልኩን ዘግቼ እቆጥራለሁ፤ አንደኛ መንገዱ። ዛሬ መኪና ያልፋል፣ ነገ አያልፍም ይባላል፤ ሰው ሁሉ ጠዋት ተነሥቶ ጸሎቱን ሳይጨርስ «መንገዱ እንዴት አደረ?» ይላል። ሁለተኛ ከባሕር ዳር አውሮፕላን። ሦስተኛ ወባው፤ ኪኒኑ ዛሬም ያው መራራ ነው። አራተኛ ያ ያለ ኮቴ የሚራመደው። ከሁሉም በታች ግን፣ ለማንም ያልነገርሁት፣ ግዝቱ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጓሮ አቮካዶው ሥር ተቀምጦ ከጽሑፍ ጋር በአጉሊ መነጽር ሲታገል ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።

«መምህር፣ ግዝቱስ?»

መነጽሩን አወረደ። «ቄስ አላምረው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።»

«የገዘተ ቢሞትም ግዝት አይሞትም።»

«ዓይኔ ካለቀ በኋላ ቢፈታልኝ ምን ያደርግልኛል? አርባ ዓመት አከበርሁት፣ ይበቃል። እሄዳለሁ። የሚመጣውን እኔ እሸከማለሁ።»

የሚመጣው ምን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግዝት ጥሶ የሞተ ሰው እንዴት እንደሚቀበር፣ ምን እንደሚባልለት ስንሰማ ነው ያደግን። ዓይኑን አጥቶ ነፍሱንም ሊያጣ ነው፣ በእኔ ምክንያት። ያን ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የአሁኑ የንስሐ አባታችን ቄስ ይበልጣል የልጄ እኩያ ናቸው፤ ስልካቸውን እየነካኩ ነበር፣ ሲያዩኝ ኪሳቸው ከተቱት። ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው። አልተቆጡም።

«እናቴ፣ ያሰረው ክህነት ነው፣ የሚፈታውም ክህነት ነው። እኔ እፈታዋለሁ። ግን የታሰረው ሰው ማን እንዳሳሰረው ሳያውቅ አልፈታም። ይንገሩትና ሁለታችሁም ኑ።»

«አባቴ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«ያኔም በካህን ነው ያስነገሩት» አሉኝ።

ይህች ቃል እስከ ቤቴ ድረስ ተረከዜን እየነከሰች አደረሰችኝ። መምህር እዚያው ዛፉ ሥር ነው። ውሃ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ተቀበልሁት። እንደገና ሰጠሁት።

«ምን ሆንሽ? በቃኝ እኮ።»

«ቄስ አላምረውን የለመንሁ እኔ ነኝ» አልሁት።

ወዲያው አልገባውም። ከዚያ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁ፤ ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ነው የገባው።

«ምን ብለሽ?»

«ይሞትብኛል ብዬ።»

«እኔን ለምን አልለመንሽኝም?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ።»

ዶሮዋ እግሩ ሥር ትጭራለች። «እስቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስቄ ግን እቀር ነበር። ያን ጊዜ እቀርና በሌላ ጊዜ እሄድ ነበር።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። በልቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ እንደ እንግዳ። ፍሬሕይወት ስትደውል «ደህና ነን» ብሎ ስልኩን ሳያየኝ ያቀብለኛል። በትዳራችን ተጣልተን እናውቃለን፤ እሱ ይቆጣል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ምሽት ላይ አንዱ ይስቃል። ይህ ግን ጠብ አልነበረም። ሰውየው ዓመቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ የሚያይ ይመስል ነበር፤ እያንዳንዱን ተማሪ፣ እያንዳንዱን «አላየሁም»። ለብቻዬ ማጀት ገብቼ እንዲህ ፈራሁ፦ ብቻውን ይሄድ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ይባስ ብዬ፦ ጨርሶ ይተወው ይሆናል፣ እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያለችው ብርሃን እስክታልቅ ይጠብቃል። አንበሳውንም ዝሆኑንም ረሳሁ። ያን ጊዜ ዝሆን በደጄ ቢመጣ ግባ እለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ንጹሕ ልብስ ለብሶ ወጣ። «ተነሽ፣ ቄሱ ጋ እንሂድ» አለኝ። ሄድን። ቄስ ይበልጣል በሁለታችንም ራስ ላይ ደግመው፣ በመስቀላቸው ዳስሰው «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። ይርጋ መስቀሉን ሲሳለም ትንሽ ሳተው፤ ቄሱ ዝቅ አደረጉለት። ለእኔ የስግደት ቀኖና ሰጡኝ፣ ለጉልበቴ አዝነው ቀነስ አደረጉልኝ።

ወደ ቤት በጋሪ ተሳፈርን። ጋሪው ላይ ሁለት ገበያተኛ ሴቶችም አሉ። ይርጋ ፊት ፊቱን እያየ፣ «የቄሱን ቀኖና ስገጅ። የእኔ ቀኖና ግን ሌላ ነው» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«እዚያ ስንደርስ መኪናው ውስጥ በመስኮት በኩል የምትቀመጭው አንች ነሽ።»

«ኧረ በማርያም! በዝሆኑ በኩል?»

«በዝሆኑ በኩል። እኔ ዙሪያው አይታየኝም፣ ደብሬ። የሚታየኝ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊቴ ያለችው ብቻ ናት። ከጎኔ ቢቆም አልፌው እሄዳለሁ። አንች ታይዋለሽ፤ አይተሽ አገጬን ትይዥና ወደሱ ታዞሪኛለሽ። ዓይንሽን የጨፈንሽ እንደሆነ ግን፣ ዳግመኛ አስቀረሽኝ ማለት ነው።»

በሕይወቴ ሙሉ፣ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ዓይን የሚጨፈን መስሎኝ የኖርሁ ሴት ነኝ። «እሺ» አልሁ፤ ድምፄ ግን አልወጣም።

«አልሰማሁሽም።»

«እሺ አልሁህ!»

«እስቲ ሞክሪ።»

«አሁን? ሰው ፊት?»

«አሁን።»

ከመንገዱ በስተግራ አንድ ሰው ሁለት በቅሎ ይነዳል፤ አንደኛዋ መልኳ ዳማ፣ ጆሮዋ ጫፉ የተሰነጠቀ። እጄን አነሣሁ። የባሌን አገጭ በአደባባይ ይዤ አላውቅም፤ ጢሙ ሻካራ ነው። ቀስ አድርጌ ወደ ግራ አዞርሁት። ዓይኑ በቅሎዋን አለፋት። መለስ አደረግሁት። ገበያተኞቹ ሴቶች ተጠቃቅሰው ሳቁና አንደኛዋ «የኔ እመቤት፣ ምነው፣ ጥርሱን ልትነቅይለት ነው?» አለችኝ። አልመለስሁላትም፤ እጄን እንዳላነቃንቅ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከዚያ የይርጋ ፊት በእጄ ላይ ቆመ።

«ያዝኋት» አለ። «ዳማ ናት። ጆሮዋ ተሰንጥቋል።»

እጄን እስከ ቤታችን ድረስ አላወረድሁትም። የምንነሣው ሰኞ ነው፣ መንገዱ ከተከፈተ። ሱሪው አጥሮ፣ ተተኩሶ፣ ሻንጣው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ትናንት ፍሬሕይወት ደውላ «እማዬ፣ ሾፌሩ አቀማመጣችሁን ማወቅ ይፈልጋል። አንች መሐል ብትሆኝ አይሻልም? ትፈሪያለሽ» አለችኝ። አዎ ልጄ፣ እፈራለሁ አልኋት፤ ስፈራ የኖርሁት ከአንች ዕድሜ ይበልጣል። መስኮቱ ግን የእኔ ነው።